የአባይነህ ደወል

ሰኔ 4 ቀን 2016

ይህን ደብተር ልጄ ራሔል የገዛችው ለብረት መቁረጫ ዲስክ መመዝገቢያ ነው። የትኛው ዲስክ መቼ ተገዛ፣ የአገልግሎት ዘመኑ መቼ ያልፋል፣ ማን ቀየረው። ሁለት ገጽ ጽፋበት ሌላ ትልቅ ደብተር ገዛች። ይህ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ አየሁትና ወሰድኩት። የእሷን ሁለት ገጽ አልቀደድኩም። ጽሕፈቷ ያምራል፣ በአባቷ ወጥቷል።

የእኔ አያምርም። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ጉልበቴን በሕፃናት አግዳሚ ወንበር ላይ አጥፌ። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እርሳሷን ይዛ ስትሄድ አማቴ «ጋኑን ማን ይጠበው?» አሉ። ባሌ አባይነህ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረም። ያን ዝምታውን አርባ አምስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ።

አሁን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የሱቅ ስም፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የባጃጅ ጀርባ። ዲስክ ላይ እንኳ መሐሉ ባለው ቀለበት ዙሪያ ቁጥር ተጽፏል።

ሰኔ 9

መብራት ዛሬ ሦስት ጊዜ ሄደ። ክረምት ገባ ማለት ነው።

አባይነህ በሕይወት ሳለ መብራት ሲሄድ ሠራተኛው አይበሳጭም ነበር። መቁረጫውን ግራይንደር ብረት በሚያስሩበት ሞርሳ ውስጥ አስገብቶ ያጠብቀዋል፣ ማብሪያውን ወደ ፊት ገፍቶ ይቆልፈዋል፣ ትቶት ይወጣል። ሁሉም ፊት ለፊት ባለችው ጎረቤታችን በዘይነባ ሱቅ በረንዳ ላይ ሻዩን ይጠጣል፣ ጫቱን ይቅማል። መብራቱ የመጣ እንደሆነ ማሽኑ ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ በራሱ ተነስቶ ይጮሃል። «ደወሉ ተደወለ!» ይሉና እየሳቁ ይነሳሉ። ከሸዋ በር እስከ እኛ አጥር ድረስ ሰው መብራት መምጣቱን የሚያውቀው በእሱ ነበር። የአባይነህ ደወል ይሉታል። እኔም ጓሮ ሆኜ ስሰማው ባሌ ሥራው ላይ እንዳለ አውቅ ነበር።

ራሔል ከተግባረ እድ ተመርቃ፣ ባሏን ፈትታ፣ የአባቷን የብረት ሥራ ሱቅ የተረከበች ቀን መጀመሪያ የከለከለችው ይህንን ነው። «መብራት ሲሄድ ከሁሉ በፊት ሶኬት ይነቀላል። ማብሪያው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ሻይ።»

ዛሬም ሠራተኛችን ሽመልስ ነቅሎ ወጣ። እኔ ዝም ማለት አቃተኝ።

«አባትሽ ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ሲያደርግ ማን ሞተ?»

«እማዬ፣ ያ ነገር በደቂቃ አሥር ሺህ ጊዜ የሚዞር ነው። ሰው ይኑር አይኑር አያይም።»

«አባትሽ መነጽርም አድርጎ አያውቅም።»

«አባቴ በስንት ዓይኑ ነበር የሞተው?»

ቀኝ ዓይኑ የጠፋው በብርድ ነው። ሐኪሙ የብረት ፍንጣሪ አለ እንጂ እኔ ብርድ መሆኑን አውቃለሁ።

ሰኔ 15

በሰው ፊት አዋረደችኝ።

ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ቀብታለች። ከዚያ ወዲያ ነጠላ አይገባም፣ ሻሽ የተንጠለጠለ አይገባም፣ ሰፊ እጅጌ አይገባም። እኔ ለሽመልስ ውኃ ላቀብል ስሻገር ማሽኑን አጥፍታ፣ ዲስኩ ዞሮ እስኪቆም በሁለት እጇ እንደያዘች ጠበቀችና «ነጠላሽን አውልቂና ግቢ» አለችኝ። ሁለት ደንበኞች ቆመዋል።

ሽመልስ ነገሩን ለማለዘብ ፈልጎ «እትዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይለብሱ አይገቡም፣ ራሔል ቤት ለብሰው አይገቡም። እርስዎ መሐል ላይ ቀሩ» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ውኃውን መስመሩ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ማዕተቧንም ሸሚዟ ውስጥ ከታ እስከ አንገቷ ትቆልፋለች። «ክርስትናሽን አፈርሽበት?» አልኳት። «ማሽን ክር ካገኘ ይጠመጥማል እማዬ። ውስጥ ሆኖም ማዕተብ ነው።» ለሁሉም መልስ አላት።

ሰኔ 22

የአባይነህን ዲስኮች በመዶሻ ሰባበረቻቸው። አንድ ሙሉ ካርቶን። ቀናቸው አልፏል፣ እርጥበት ገብቷቸዋል፣ ሲዞሩ ይበተናሉ አለች። ሳይሰበሩ ቢጣሉ ሌላው አንስቶ ይሠራባቸዋል አለች።

ቀለበቱን አነበብኩት። አልፏል። ቢሆንም።

«ሽመልስ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አልኩት። ከባሌ ጊዜ ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ነው።

«ልክ ነች እትዬ። ጋሼም ቢኖሩ ቀስ ብለው ይገባቸው ነበር።»

ይኸው። ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራችንን በልቶ።

ሰኔ 29

ነገ የአባይነህ ሙት ዓመት ነው። ሦስተኛው። ወንዱ ልጄ ያሬድ ከድሬዳዋ ደውሎ «ሥራ በዛብኝ እማዬ፣ ጸልዪልኝ» አለ። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፣ ይደውላል።

ራሔል ጠዋት ፍትሐቱ ላይ ትቆምና ከዚያ ወደ ሥራ ትመለሳለች። ለአንድ ሆቴል የሚደርስ የብረት በር አለባት። «አንድ ቀን ብትዘጊው ምን አለ?» ብላት «አባቴስ ዘግቶ ያውቅ ነበር?» አለች። አያውቅም ነበር። ልጁን የወለድኩ ቀን እንኳ አልዘጋም።

ሰኔ 30

ራሔል እጇ። ቀኝ እጇ።

ሆስፒታል ነን። ይሰፏታል። ደሙ ነጠላዬን ሁሉ።

ሽመልስ ነው። ሶኬቱን ነቅያለሁ ብሎ ሳይነቅል።

ሐምሌ 1

አልተኛሁም። የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፈው።

ከፍትሐት መልስ አምስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሽመልስ ሶኬቱን ነቀልኩ ይላል። ከዚያ ቱቦላሬ ብረት ሊያመጣ በባጃጅ ወጣ። ራሔል የሆቴሉን በር ልትለካ ሄዳ ነበር። ሱቁን እንድጠብቅ እኔ ቀረሁ። ጥቂት ተቀምጬ ወደ ጓሮ ገባሁ፣ እግሬ ደክሞ ነበር። ራሔል ስትመለስ መብራት እስኪመጣ ዲስክ ልቀይር ብላ ማሽኑን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ያረጀውን ፈታች፣ አዲሱን አሰረች። በደንብ መቀመጡን ለማየት በጣቷ ስታዞረው መብራት መጣ።

እኔ ጓሮ ነበርኩ። ደወሉን ሰማሁት። ድንገት ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ከዚያ ጩኸቷ መጣ።

ሌባ ጣቷና የመሐል ጣቷ። ጅማት ተቆርጧል። ሐኪሙ፣ ልጅ እግር ነው፣ «መነጽር በማድረጓ ዓይኗ ተረፈ፣ ዲስኩም ተሰብሮ ነበር» አለ። የመሐሏ ትመለሳለች፣ ሌባ ጣቷን እግዜር ያውቃል።

ሶኬቱ የት እንዳለ ሳታይ ነው የነካችው። ራሷ ስንት ጊዜ ስታስተምር ሰምቻታለሁ።

የመብራት ነገርም። መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ።

ሐምሌ 3

ሽመልስን አሰናበተችው። በፋሻ የታሰረ እጇን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ቆማ።

«በመድኃኔዓለም ነቅያለሁ ራሔል። በእጄ ነቅዬ ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።»

«ታዲያ ማን ሰካው? ግድግዳው?»

«እኔ አላውቅም። እትዬ ሱቁ ውስጥ ነበሩ።» ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ማንም ሰው ገብቶ ነበር?»

«ማንም አልገባም» አልኩ።

እውነት ነው። ማንም አልገባም።

የሥራ ቱታውን አውልቆ አጣጥፎ ቢጫው መስመር ላይ አስቀመጠው። ሲወጣ ራሔል እያለቀሰች ነበር። አባይነህ ሲሞት ያላለቀሰች ልጅ።

ሐምሌ 5

ዘይነባ ዛሬ በርበሬ እየመዘነች፣ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳታነሳ፦

«የዚያን ቀን ሱቁ ውስጥ ከምን ጋር ነበር ትግሉ?»

«ምን ትግል?»

«ሞርሳውን ይዘሽ ስትታገዪ አየሁሽ፣ እንደ በግ።»

«አቧራ ልጠርግ ነዋ።»

«ሱብሃነላህ! ሞርሳ በማዞር አቧራ ይጠረጋል? ሠላሳ ስድስት ዓመት ፊት ለፊትሽ ስቀመጥ ይህን አልተማርኩም።»

በርበሬውን ሳልወስድ ተመለስኩ። ጎረቤት ነገር ማሽተት ሥራው ነው። ከእንግዲህ ሌላ ቦታ ነው የምገዛው።

ሐምሌ 8

ራሔልን ፀጉሯን አጠብኳት። የሸሚዟን ቁልፍ ቆለፍኩላት። በግራ እጇ በልታ አታውቅም፣ እየተለማመደች ነው፣ ወጡ ይፈሳል፣ እንዳጎርሳት ግን አትፈቅድም።

«እኔን የሚያናድደኝ እጄ አይደለም» አለች። «ሽመልስ ዓይን ዓይኔን እያየ መዋሸቱ ነው። ‹ረሳሁ› ቢለኝ ኖሮ አላሰናብተውም ነበር። የሚዋሽ ሰው አጠገብ በዚህ ማሽን መሥራት አይቻልም።»

ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ሐምሌ 12

መብራት ሄደ። መጣ። ሱቁ ዝግ ነው፣ ምንም አልጮኸም።

ከስንት ዓመት በኋላ ጆሮዬ የሚጠብቀው ለምንድን ነው?

ሐምሌ 13

አባ ኪዳነወልድ፣ የንስሐ አባቴ፣ ቤት ሊባርኩ መጡ። በምላሴ አማሁ አልኩ፣ ጾም ፈታሁ አልኩ፣ ልጄ ላይ ጮኽኩ አልኩ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም አባ።»

ጸበሉን ሲረጩ ሱቁንም ርጩልኝ አልኳቸው። ጠረጴዛውን ረጩ። ሞርሳውን ረጩ። ከዚያ ሶኬቱ አጠገብ ሲደርሱ «ይህስ ውኃ አይወድም፣ እዚህ ጋ አንቺው ተጠንቀቂ» ብለው አለፉት። ቀልድ ነው። ለምን አሁን ድረስ እንደሚያስጨንቀኝ አላውቅም።

ሐምሌ 16

ሽመልስን አየሁት። ሸዋ በር፣ የሚኒባሱ መቆሚያ አጠገብ፣ ከአይሱዙ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ሲያወርድ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አጠገቡ ያሉት ወጣቶች «ፋዘር፣ ቶሎ በል!» እያሉ ይጮሁበታል። በብረት ሥራ እጁ የተመሰከረለት ሰው።

ልሸሸግ ስል አየኝ። ጆንያውን እንደተሸከመ ጎንበስ ብሎ፦

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የራሔል እጅ እንዴት ሆነ?»

«ደኅና ነው» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቅዝቃዜ እንዳይነካው፣ ጓንት ታድርግ።»

ድንች ልገዛ ነበር የሄድኩት። ሳልገዛ ቤት ደረስኩ።

ሐምሌ 19

ቁልቢ ደርሼ ተመለስኩ። ራሔል ብቻዬን እንዳልሄድ ለመነችኝ፣ እምቢ አልኩ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ የሰው ባሕር። በራሔል ቁመት የተለካ ጧፍ ይዤ ነበር።

ገብርኤልን እንዲህ አልኩት፦ ጣቷ ይታጠፍላት። ለሽመልስም ሥራ ፈልግለት። ሁለቱን ከሰማኸኝ በታኅሣሥ ጃንጥላ አስገባለሁ። ሌላውን አልነገርኩትም፣ መልአክ አይደለም እንዴ፣ ያውቃል።

ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ስለ ራሳቸው ነገር ያወራሉ። አንደኛዋ የእህቷን ወርቅ ወስዳ ኖሮ ስለት ልትሳል መጥታለች። ጓደኛዋ «ገብርኤል ምን ያድርግልሽ? እህትሽ ያለችው ጨለንቆ ነው፣ መንገድ ላይ ነው፣ ውረጂና ንገሪያት» አለቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቱም ሳቀች። እኔ ጧፌን ይዤ ቦታ ቀየርኩ።

ነሐሴ 2

ስፌቱ ከወጣ ሰነበተ። የመሐል ጣቷ እየተንቀሳቀሰች ነው። ሌባ ጣቷ ቀጥ ብላ ቀረች። ልክ የሆነ ነገር እንደሚጠቁም ሰው ሆና ነው የምትዞረው። ወደ እኔ የዞረች ሲመስለኝ ዓይኔን ከእሷ አነሳለሁ።

ሱቁን ከፍታለች። በግራ እጇ ትለካለች፣ ብየዳ ትሞክራለች፣ ግራይንደሩን ግን አትነካም። ሁለት ጤነኛ እጅ ይፈልጋል አለች፣ በአንድ እጅ የያዘው ሰው ላይ ተወርውሮ ይመለስበታል።

ዛሬ ራት ላይ፣ ሽሮው እየቀዘቀዘ፦

«እኔም አጥፍቻለሁ እማዬ። ሌላ ሰው ‹ነቀልኩ› ቢልም ገመዱን ከማሽኑ ጀምሮ እስከ ጫፉ በእጅ ተከትሎ ማየት ነው ሕጉ። ሳላይ ነካሁ።»

ይኸው፣ ራሷ አመነች። እኔም ሐምሌ አንድ ቀን ይህንኑ ጽፌያለሁ፣ ገልጬ አየሁት።

ገልጬ ሳየው ግን ከሱ በላይ ያለውንም አነበብኩ። «እንዴት ደስ እንዳለኝ» ይላል። የገዛ ጽሕፈቴ ነው። ደብተሩን ከፍራሹ ሥር ከተትኩት። መማሬ ለዚህ ኖሯል?

ነሐሴ 6

ዘይነባ አጥሩ ላይ በርበሬ በላስቲክ አንጠልጥላ ሄደች። ፍልሰታ መሆኑን አውቃ ሽሮም ጨምራበታለች። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 9

ዛሬ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ።

ጠዋት ሽመልስ መጣ። ከቢጫው መስመር ወዲህ ቆመ፣ አላለፈም። አዲሱ ከተማ ያለ አንድ ብረታ ብረት ቤት ሊቀጥረው ፈልጎ «ከነበርክበት ወረቀት አምጣ» ብሎታል። ራሔል ዓይኑን ሳታይ «ይጻፍልሃል። የሠራኸውን ዓመት እጽፋለሁ፣ የወጣህበትንም ምክንያት እጽፋለሁ። ውሸት አልጽፍም» አለችው። «እኔም ውሸት አልለመንኩሽም» ብሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀት አመጣች። እስክሪብቶ በግራ እጇ ያዘች፣ ፊደሉ ተንጋደደባት፣ ቀደደችው። «አንቺ ጻፊ እማዬ። እኔ እየነገርኩሽ።»

ጻፍኩ። «አቶ ሽመልስ ለሃያ ሁለት ዓመት በድርጅታችን በብየዳና በብረት ሥራ አገልግለዋል። በሙያቸው የተመሰገኑ ናቸው። ሆኖም ሰኔ 30 ቀን መብራት በጠፋበት ሰዓት...»

«የማሽኑን ሶኬት ባለመንቀላቸው በሰው ላይ አደጋ ስለደረሰ ተሰናብተዋል» አለች።

እስክሪብቶው ቆመ።

በአፍ ብዙ ነገር ብዬ አውቃለሁ። አፍ ያልፋል። ይህ ግን በእጄ ነው፣ ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ፣ አንድ በአንድ ማቆም አለብኝ። «የማሽኑን ሶኬት» የሚለውን ጨርሼ «ባ»ን ጻፍኩ። «ለ» ላይ ስደርስ ሽመልስ ጆንያ ተሸክሞ ጎንበስ ሲል ታየኝ።

«ምነው? ፊደሉ ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም።»

«ባ»ን ሰረዝኩ። የሚከተለውን በራሴ ጻፍኩ። «ነቅለው ነበር። መልሼ የሰካሁት እኔ ሰገነት ነኝ።» ወረቀቱን አዙሬ ወደ እሷ ገፋሁት።

አነበበች። እንደገና አነበበች። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እርግማን ጠበቅኩ። ልጅ እናቱን የሚረግምበት ቃል ቢኖር እዚያች ደቂቃ ይገባኝ ነበር።

«ማብሪያውስ?» አለች።

«ምን?»

«ሶኬት ስለተሰካ ብቻ አይነሳም። ማብሪያውን ወደ ፊት ገፍተሽ ቆልፈሻል።»

«ቆልፌያለሁ።»

«ጻፊው።»

ጻፍኩት። ሞርሳው ውስጥ አስሬው ነበር ማለት ፈለግኩ፣ ግን ሞርሳውን ማጥበቅ አቅቶኝ ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ አስተኝቼው ነው የሄድኩት። ያንንም ነገርኳት። ያንንም አስጻፈችኝ። ገመዱ ግድግዳው ላይ ከተደገፈው ላሜራ ብረት ኋላ ገብቶ እንደማይታይ ጨምሬ ጻፍኩ።

«ለምን?» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር።

«የአባትሽን ደወል መስማት ፈልጌ። ሙት ዓመቱ ነበር።»

ወረቀቱን በግራ እጇ አጠፈችው። ቀጥ ያለችው ጣቷ ማጠፊያው ላይ አልታዘዝ አለቻት።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት።»

ተነስታ ወጣች። ጃንጥላ አልያዘችም።

ነሐሴ 10

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ፈርማበት፣ ማኅተም መትታበት አገኘሁት። ከቤት የለችም። ይዤው ሽመልስ ወደሚኖርበት ተራራ፣ ወደ ሐኪም ጋራ፣ ወጣሁ። ባጃጁ እስከ ግማሽ ብቻ ይወጣል፣ ቀሪው ጭቃ ነው። ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ።

ሽመልስ በሩ ላይ ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ለሚስቱ ለነፃነት ሰጣት። እሷ ጮክ ብላ አነበበችው፣ እኔ እዚያው ቆሜ። የጻፍኩት ነገር በሌላ ሰው አፍ ሲነበብ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«አርባ ቀን» አለች ነፃነት። «እትዬ፣ አርባ ቀን ሙሉ እኔ የገዛ ሚስቱ ‹እውነት ነቅለህ ነበር?› እያልኩ ስጠይቀው ነበር። በየማታው። ይህን ማን ይመልስልኛል?»

«ይቅር በሉኝ» አልኩ። በዕድሜዬ ለሰው ይህን ብዬ አላውቅም።

ሽመልስ ወረቀቱን ተቀብሎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ይህን ይዤ ሥራ ብጠይቅ እኔን ትተው ‹ሴትየዋን አምጣልን፣ እንያት› ነው የሚሉኝ» አለ። ሊስቅ ፈልጎ ሳይሆንለት ቀረ። ጋራውን እያየ «ራሔል ትጥራኝ» አለ። «እርስዎ አይደሉም እትዬ። እሷ ራሷ።»

ውኃ ሰጡኝ። ጠጣሁ። ይግቡ አላሉኝም፣ ልክ ናቸው።

ነሐሴ 13

ራሔል አታናግረኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች።

ነሐሴ 17

ፍልሰታ ትናንት ተፈታ። ራሔል ጠዋት ማንንም ሳትነግር ወደ ሐኪም ጋራ ወጥታ ኖሯል። ስትመለስ ሽመልስ አብሯት ነበር። ቱታውን ታጥፎ ከተቀመጠበት አነሳውና አራገፈው። ሁለቱም ወደ እኔ አላዩም። ማሽኑ ሲነሳ ሰማሁት፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብረት ሳይነካ ባዶውን ሲዞር። አዲስ ዲስክ ሲታሰር እንዲህ ነው፣ ወደ ጎን ቆመው ይጠብቁታል። ከዚያ ብረቱን ነካው።

ጆሮዬን ያዝኩ።

ነሐሴ 21

«ከዛሬ ጀምሮ ሥራ አለሽ» አለችኝ ራሔል። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ቃል ነው። «መብራት ሲሄድ ሶኬቱን የምትነቅይው አንቺ ነሽ። ነቅለሽ በእጅሽ ትይዢዋለሽ። እኔ ስጪኝ እስክል ማንም አይወስደውም፣ አንቺም አታስቀምጪውም።»

«መብራት መምጣቱን በምን እናውቃለን?» አልኩ። አፌ ነው።

አምፖሉን አሳየችኝ። በሩ ላይ ሰቅላዋለች፣ ትንሽ ቀይ አምፖል፣ ሁልጊዜ እንደበራ የሚተው። እሱ አይጮህም፣ አይቆርጥም።

ጳጉሜን 2

ዛሬ መብራት ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠፋ። ነጠላዬን አውልቄ ምስማር ላይ ሰቀልኩ፣ መስመሩን ተሻገርኩ፣ ነቀልኩ። ሶኬቱን በመዳፌ ይዤ ከጠረጴዛው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ገመዱ ከጭኔ እስከ ማሽኑ ተዘርግቷል።

ዘይነባ ከማዶ «አቦ ሰገነት፣ ምን ታቅፈሻል? ሕፃን ነው?» አለችኝ።

«ይተኛ፣ አትጩሂበት» አልኳት። ወላሂ ብላ ሳቀች። ከዚያ ሻይ አመጣችልኝ። በግራ እጄ ጠጣሁት።

እጄ ደነዘዘ። እግሬ ደነዘዘ። ዝናቡ ሲያባራ የጅቦቹን ድምፅ ከከተማው ግንብ ውጭ የሰማሁ መሰለኝ፣ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን። አባይነህን አሰብኩት። እንዴት እንዳልተቆጣሁት አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ማሽን ቆልፎ ሲወጣ አንድ ቀን እንኳ አንዳችንም ከመብራቱ ቀድመን አልገባንም፣ ይኸው ብቻ ነው የእሱ ጥበብ። ዕድል ነበረው። ደወል አልነበረም።

አምፖሉ በራ። ሽመልስ ከበረንዳው ተነሳ። ራሔል ዲስክ ልትቀይር ፈልጋ ስለነበር ወደ ማሽኑ መጣች። ሶኬቱ መዳፌ ውስጥ መሆኑን ከበሩ ላይ ሆና ታየዋለች። ከአደጋው በፊት ቢሆን ይህ ይበቃት ነበር።

ገመዱን ከማሽኑ ጀመረች። ቀጥ ባለችው ጣቷና በአውራ ጣቷ መሐል አሳልፋ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ፣ በላሜራው ኋላ፣ በወለሉ፣ በጭኔ ላይ፣ ሳትዘል ተከተለችው። ጣቷ መዳፌ ጋ ደርሳ ቆመች። የማትታጠፈው ጣት ናት። እጄን እንድከፍት ጠበቀች። ከፈትኩ።

አየችው።

«ተነቅሏል» አለች።

«ተነቅሏል» አልኩ።

እጄን መልሳ ዘጋችልኝና ዲስኩን ልትፈታ ሄደች።